ይቅርታው ሳይገባ ሶፋው አይወጣም

ቆዩኝማ፣ ሳቄ ይውጣልኝ። ጠበቃው ፊቱ ቲማቲም መስሎ፣ መነጽሩን አውልቆ «ይህ ቃል ሕጋዊ ውጤት አለው ወይ?» ብሎ የጠየቀው ትዝ ባለኝ ቁጥር ትራም ውስጥ ብቻዬን ነው የምገነፍለው። የጄኔቭ ሰው ደግሞ ብቻውን የሚስቅ ሲያይ ወንበር ይቀይራል። ይቀይር፤ ለእኔ ሰፋ ይለኛል። ቃሉ የቱ እንደሆነ ግን አሁን አልነግራችሁም። ዋናው እሱ ነው። ዋናውን መጀመሪያ ካቀረብኩማ ሌላውን ማን ይበላልኛል?

ይልቅ ከሶፋ ልጀምር። እኛ ሐበሾች ሶፋ የምንገዛው ልንቀመጥበት እንዳይመስላችሁ። ምን ያስቃችኋል? የየራሳችሁን ሳሎን አስቡት እንጂ። በእያንዳንዳችን ቤት ሁለት ዓይነት መቀመጫ አለ፤ አንዱ የሚቀመጡበት፣ ሌላው የሚከበር። የሚቀመጡበት ኩሽና ያለው፣ አንድ እግሩ የሚነቃነቀው ወንበር ነው። የሚከበረው ሳሎን ውስጥ ዳንቴሉን ለብሶ፣ ትራሱን እንደ ሜዳልያ ደረቱ ላይ ደርድሮ፣ ቀና ብሎ እንግዳ የሚጠብቀው ነው። ባለቤቱ ቴሌቪዥን የሚያየው ምንጣፉ ላይ ቁጭ ብሎ፣ ጀርባውን ብቻ ሶፋው ላይ አስደግፎ ነው፤ እሱንም በፍርሃት። ፈረንጅ ግን ሶፋ በገዛ ዕለት ይተኛበታል። ከነጫማው። ከነውሻው! ሲሰለቸው ደግሞ መንገድ ዳር አውጥቶ «የፈለገ ይውሰድ» ብሎ ይለጥፍበታል፤ አንዲት ዘለላ እንባ የለ፣ ምን የለ። እህቴ አስካለ ብትሆን ሶፋዋ ሲወጣ ድንኳን ትተክላለች።

እትዬ አስካለ ታላቄ ናት። እኔ ጄኔቭ፣ ኦኔ ነው ቤቴ፤ ሰርቬት ሰፈር ባለ አንድ የአረጋውያን ቤት ልብስ ማጠቢያ ክፍል እሠራለሁ። እሷ ግን ዙሪክ አጠገብ ክሎተን ነው የምትኖረው፤ ጡረታ እስክትወጣ ድረስ አውሮፕላን ስታጸዳ የኖረች ሴት ናት። መንገደኛው ወርዶ ሌላው እስኪሳፈር ባለችው ቁራጭ ጊዜ ያን ሁሉ ወንበር ታራግፍና፣ ቤቷ ገብታ ደግሞ ሌላ አውሮፕላን የመጣ ይመስል እንደገና ታራግፋለች። አቧራ እሷ ቤት አያድርም። ያንን ሶፋ የገዛችው ቋሚ መኖሪያ ፈቃድ ያገኘች ሰሞን ነው፤ «አሁን አገሬ ነው» ለማለት። ቀይ ከፋይ ነው፤ ክንዱ እንደ ዙፋን የተጠቀለለ፣ ከታች ወርቃማ ዘርፍ የተንጠለጠለበት። እኔ ከኦኔ ድረስ በባቡር ሄጄ ስጠይቃት እንኳ «ተቀመጪ እንጂ» ትለኛለች፣ ልቀመጥ ዝቅ ስል ደግሞ ፊቷ ይለዋወጣል። እኔም ለፊቷ ስል ወደ ኩሽና።

እዚያ ሶፋ ላይ ያለ ከልካይ የሚተኛ አንድ ፍጡር ብቻ ነበር፤ ልጇ ሊያ። ሊያ ሕፃን ሳለች እትዬ ከሥራ መልስ ታጥባት፣ ቅባት ትቀባትና እዚያ ከፋይ ላይ ታስተኛታለች። ትልቅ ሰው ምንጣፍ ላይ፣ ልጅ ዙፋን ላይ። ሌላውን ብትረሱ ይህችን አትርሱብኝ፤ ነገሩ ሁሉ የመጣው ከዚህ ነው።

ሊያ አደገች። እንዴት ያለች ልጅ መሰለቻችሁ፣ በር የምትሞላ! አገባች፤ ፀነሰችም። ሆዷ ገፍቶ ሳለ ነው ወሬው የመጣው። ሶፋውን የሸጠው የዙሪክ ሱቅ ተወቅሷል፤ ከባሕር ማዶ ያስመጣቸው ሶፋዎች ስፖንጅ ውስጥ፣ እሳት ቶሎ እንዳይዘው ተብሎ የተጨመረ ኬሚካል አለ። ኬሚካሉ ደግሞ አርፎ አይቀመጥም። እያደር ይረግፋል፣ ከአቧራ ጋር ይደባለቃል፣ አቧራው ወለል ላይ ይተኛል፤ ወለል ላይ የሚድኸው ሕፃን ነው፤ ሕፃን ደግሞ እጁን ይጠባል። ለሕፃናት ደግ አይደለም ተባለ። እስቲ አሁን እዚያ ቤት እሳት ከየት ይመጣል? በዚህ ሁሉ ዘመን እዚያ ሳሎን ውስጥ የነደደ ነገር ቢኖር የእትዬ አስካለ ቁጣ ብቻ ነው፤ እሱን ደግሞ ምንም ኬሚካል አያበርደው።

ሱቁ ፍርድ ቤት ከመቆም ስምምነት ይሻላል ብሎ ለባለሶፋዎቹ ሁሉ ሐሳብ አቀረበ። አሮጌውን ራሱ መጥቶ ይወስዳል፣ ኬሚካል የሌለበት አዲስ ይሰጣል፣ ነገሩ በዚያው ይዘጋል። ከዚህ በላይ ምን ቸርነት አለ? ሰው ሁሉ ፈረመ። እትዬ ግን ሊያ እያነበበች ስትተረጉምላት አንድ ቦታ ላይ «ቆይ፣ እሷን ድገሚያት» አለች። ሊያ ደገመቻት፦ ሱቁ ይህን የሚያደርገው «ምንም ጥፋት አለብኝ ሳይል» ነው።

«ጥፋት ከሌለበት ለምን ሶፋ ይሰጠኛል?»

«ማሚ፣ ኖርማል ነው። ሁልጊዜ እንደዚህ ይጻፋል።»

«እሱ ካላጠፋ ማነው ያጠፋው? እዚያ ላይ ያስተኛሁሽ እኔ ነኝ። እኔ ነኛ ያጠፋሁት!»

ሐኪሙ ሊያን አይቶ «ምንም የለብሽም» ብሏታል፤ እንኳን ሕመም ጉንፋን የሚደፍራት ልጅ አይደለችም። ግን እናት እንዲህ ባለ ነገር ሐኪም ትሰማለች? «በገዛ እጄ፣ አጥቤ፣ ቅባት ቀብቼ መርዝ ላይ አስተኛኋት» ብላ እንቅልፍ አጣች። አልፈርምም አለች። ሊያም በበኩሏ ሆዷን ይዛ ተነሳች፤ «ሶፋው እዚህ እያለ ልጄን ይዤ አልመጣም» ብላ ቁርጡን ነገረቻት።

ይህ ምን ማለት እንደሆነ ላልገባው ልንገር። ሴት ልጅ የመጀመሪያዋን ስትወልድ እናቷ ናት የምታርሳት። እትዬ ጡረታ ስትወጣ ለራሷ የተመኘችው ሌላ ነገር የለም፤ ልጇን ማረስ ብቻ። የገንፎው እህል ተፈጭቶ፣ ቅቤው ተነጥሮ፣ ነጭ አንሶላው ተተኩሶ ቁም ሣጥን ውስጥ ተቀምጧል። ሊያ ካልመጣች ያ ሁሉ ዝግጅት ለማን ሊሆን ነው? እኔ በስልክ «አውጥተሽ ጣይውና ልጅሽን አስገቢ!» ብዬ ጮህኩባት። እሷም ጮኸችብኝ።

«ይቅርታው ሳይገባ ሶፋው አይወጣም!»

ከዚያ በኋላ ሊያ ደወለችልኝ። «አክስቴ፣ ቢተ፣ ነይ። ማሚ አትሰማም።» ቢተ ብላ ስትለምን አንጀት ትበላለች። ከአለቃዬ ፈቃድ ለምኜ ባቡር ላይ ዘለልኩ።

ስደርስ እትዬ እስከ ክርኗ ሊጥ ውስጥ ገብታለች። «ምነው፣ ድግስ አለ እንዴ?» ብላት «ነገ ዕርቅ አለብን» አትለኝም! ለካ ጎረቤቷ ሐዋ፣ የወሎ ልጅ፣ የአየር ማረፊያ ምግብ ክፍል የምትሠራ ብልህ ሴት፣ መላ አሳይታታለች። በዚህ አገር ፍርድ ቤት ከመሄድ በፊት ሁለቱን ባለጉዳዮች ፊት ለፊት አስቀምጦ የሚያነጋግር ሰው አለ፤ ስሙም «የሰላም ዳኛ» ነው ብላታለች። እትዬ ይህን ስትሰማ እልል ልትል ምንም አልቀራት።

«ሽማግሌ አላቸው ማለት ነዋ! ይህን ሁሉ ዘመን ስኖር የሚነግረኝ ይጥፋ?»

ሊያ ማመልከቻውን ጻፈችላት፣ ቀን ተቆረጠ፤ እትዬም ዕርቅ ያለ ዳቦ አይሆንም ብላ ሊጥ አቦካች። ተከራካሪ ሰው የሚተማመንበትን አንድ ሰው ይዞ መግባት ይችላል አሉ። እኔ ተመረጥኩ። «ጀርመንኛዬ ለማጽዳት እንጂ ለመጣላት አይበቃም» አለችኝ እህቴ። የእኔ ፈረንሳይኛ ግን ለመጣላት ነው የተፈጠረው፤ የተማርኩት ልብስ ማጠቢያ ቤት ነው።

በማግስቱ ነጭ በነጭ ለብሰን፣ ትልቁን ዳቦ በንጹሕ ጨርቅ ጠቅልለን ገባን። የሰላም ዳኛዋ ፀጉራቸውን አጭር የተቆረጡ፣ ስኒከር ያደረጉ፣ የኔ ቢጤ ወፍራም ሴትዮ ናቸው። ከጠረጴዛው ወዲያ ሁለት ወንዶች። አንደኛው ቀጭን ጠበቃ፤ ሁለተኛው ራሱ ባለሱቁ፣ ሸምገል ያሉ፣ ጆሯቸው የቀላ፣ እጃቸውን የት እንደሚያስቀምጡት የጠፋቸው ሰውዬ። እትዬ ቀጥ ብላ ሄዳ ዳቦውን መሀል ጠረጴዛ ላይ አስቀመጠችው። ጠበቃው ደነገጠ። ዳኛዋም ደነገጡ። «እኔ ስጦታ መቀበል አልችልም፣ ሥራዬ አይፈቅድም» አሉ። «ለእርስዎ አይደለም፣ ለዕርቁ ነው» አልኩ በፈረንሳይኛዬ። ዕርቅ የሚበላ ነገር መሆኑን ለማስረዳት ብዙ ላብ ፈሰሰኝ። በመጨረሻ ዳቦው እንደ አራተኛ ወገን ጠረጴዛው ላይ ይቆይ ተባለ። ትኩስ ነው፤ ክፍሉን ሁሉ አውዶታል። የባለሱቁ ዓይን ከዳቦው ላይ አልነሳ ብሎ ነበር።

ንግግሩ እንዲህ ነው የሚሄደው፦ እህቴ በአማርኛ ትናገራለች፣ እኔ ወደ ፈረንሳይኛ እመልሰዋለሁ፣ ዳኛዋ ለጠበቃው በጀርመንኛ ይነግሩታል። እትዬ «ይህ ዓይን አውጣ!» ብላ የጀመረችው ነገር ጠበቃው ጋ ሲደርስ «ክቡርነትዎ በአቋምዎ ግልጽ ነዎት» ሆኖ ይመስለኛል፤ አመስግኖ ራሱን ነቀነቀ። አንድ ስድብ ሦስት ቋንቋ ተሻግሮ ጉልበት ይኑረው ብትሉ አይኖረውም።

ጠበቃው ጉሮሮውን ጠረገና ተናገረ። «ደንበኛዬ ወይዘሮዋ በተሰማቸው ስሜት ያዝናል» አለ። ዳኛዋ ወደ ፈረንሳይኛ መለሱልኝ። ይህችን ይቅርታ አውቃታለሁ! የቀድሞ ባሌ «ስለተናደድሽ አዝናለሁ» ይለኝ ነበር። ያናደደኝ እሱ፣ የሚያዝነው ለእኔ መናደድ! ለእትዬ ተረጎምኩላት። እትዬም ዳቦውን ወደ ራሷ ሳብ አደረገችው። ጨርቁን መልሳ ልትጠቀልል ጀመረች። ባለሱቁ ዳቦው ሲሄድ አይተው ተቁነጠነጡ።

ዳኛዋ አዩ። ወደ እህቴ ዞሩና «ወይዘሮ፣ አዲሱ ሶፋ ካልሆነ የሚፈልጉት ምንድን ነው?» አሏት።

እትዬ ጨርቁን ተወችው። «ልጄ ልትወልድ ነው። አንሶላዋን ተኩሼ አስቀምጫለሁ። ቤቴ አትገባም፤ ልክ ናት፣ እኔም ብሆን አልገባም። እኔ ሶፋ አላጣሁም። ያንን ሶፋ የሸጠልኝ ሰው 'ያጠፋሽው አንቺ አይደለሽም' እንዲለኝ ነው የምፈልገው። እሱ ሳይለኝ ሶፋውን ባወጣው፣ ልጄን ባየሁ ቁጥር ያጠፋሁት እኔ እንደሆንኩ ነው የምኖረው።»

ይህን በሹክሹክታ ተረጎምኩት። እኔ፣ ገበያ የማበጣብጥ ሴትዮ! ዳኛዋ ለጠበቃው አስተላለፉ። እሱ ግን ራሱን ነቀነቀ፤ «ደንበኛዬ እንዲህ ሊል አይችልም፤ ጥፋትን እንደማመን ይቆጠራል።»

በዚህ ጊዜ ዳኛዋ ምን አደረጉ መሰላችሁ? እስክርቢቶአቸውን ጠረጴዛው ላይ አስተኙት። «እዚህ ክፍል ውስጥ ሰው የሚለው ነገር አይጻፍም፤ ነገ ፍርድ ቤት ቢሄድም ማስረጃ ተብሎ አይቀርብም። ሕጉ እንዲህ ነው። ጠበቃው ያውቃሉ» አሉ። ጠበቃው ማወቁን ያወቀ አይመስልም። እኔ ግን ይህን ሕግ የጻፈው ሰው ከአያቶቹ አንዷ ሐበሻ መሆን አለባት አልኩ በልቤ። ሰው ሳይዋረድ ይቅርታ እንዲጠይቅ በር ሲዘጋለት ያየሁት እኛ ጋ ብቻ ነበር።

ባለሱቁ ጠበቃቸውን አላዩም። እህቴን ነው ያዩት። በጀርመንኛ፣ ቀስ ብለው፣ ለሕፃን እንደሚነገር አድርገው ተናገሩ። «የሸጥኩልዎ እኔ ራሴ ነኝ። አስታውስዎታለሁ፤ ከፋዩን በመዳፍዎ ሲዳስሱ ነበር። 'ለልጅም ይመቻል' አልኩዎት። ምን እንዳለበት አላወቅኩም ነበር፤ ግን መጠየቅ የነበረብኝ እኔ ነኝ። እርስዎ ጥሩ ነገር ነው የፈለጉት። ያጠፉት ነገር የለም። ይቅርታ ያድርጉልኝ።»

ዳኛዋ በፈረንሳይኛ ነግረውኝ ልተረጉም ስዞር እትዬ ክንዴን ያዘችኝ። ገብቷታል። ያን ያህል ጀርመንኛ አላት።

ተነሳች። «ይቅር ለእግዚአብሔር» አለችና ጠረጴዛውን ዞራ ሰውዬውን ሳመቻቸው። የዚህ አገር ሰው ሦስት ጊዜ ነው የሚስመው፣ እኛም እንደዚያው፤ ስለዚህ ጉንጭ ከጉንጭ ሳይጋጭ በሰላም አለቀ። ጠበቃው ላብ በላብ ሆኖ ግንባሩን ጠረገ፣ ዳኛዋም እስክርቢቶአቸውን አነሱ። «እንግዲህ አሮጌው ይወጣል፣ አዲሱ ይገባል፤ እንጻፈው» አሉ።

«አሮጌው ይውጣ። አዲሱ ይቅርብኝ» አለች እትዬ።

ምን? እጄን አፌ ላይ ጫንኩ።

«ይቅርታ ከጠየቀኝ ሰው ዕቃ አልቀበልም። ዕርቅ ነው እንጂ ሽያጭ ነው እንዴ? ሰው ምን ይለኛል!»

ይህ ሲተረጎም ጠበቃው ከመቀመጫው ብድግ አለ። ስንት ዘመን ላለመስጠት ሲከራከር የኖረ ሰው፣ አሁን እጁን ዘርግቶ «እባክዎ ይውሰዱ! ለሌሎቹ ሁሉ ሰጥተናል!» እያለ ይለምናት ጀመር። «አልወስድም።» «ወይዘሮ፣ ጥሩ ሶፋ ነው!» «ለእናንተ ይሁን።» ዳኛዋ አንዴ እሱን፣ አንዴ እሷን ያያሉ። በሥራ ዘመናቸው ከሳሽ ሲሸሽ ተከሳሽ ሲያባርር አይተው አያውቁም መሰለኝ።

እኔ እህቴን አውቃታለሁ። ይህች ሴት ውኃ እንኳ ሲሰጧት መጀመሪያ እምቢ ነው የምትለው። የሚፈታት አንድ ቁልፍ ብቻ ነው። ወደ ባለሱቁ ጠጋ አልኩና «በሞቴ ይበሏት» አልኳቸው። «ምንድን ነው?» አሉ በፈረንሳይኛ። «እምቢ ካሉኝ ሞቼ ልገኝ ማለት ነው» አልኳቸው።

ይኸውላችሁ፣ ጠበቃው መነጽሩን ያወለቀው እዚህ ላይ ነው! ፊቱ ቲማቲም ሆኖ በደንበኛውና በእኔ መካከል አንገቱን አስገባ። «ደንበኛዬ ሊሞት ግዴታ ይገባል? ይህ ቃል ሕጋዊ ውጤት አለው ወይ?» ዳኛዋ ሳቃቸውን በእጃቸው ይዘው «እኔ አልጽፈውም» አሉት።

ሰውዬውም ተነሱ፤ ጆሯቸው ቀልቶ፣ እጃቸውን ደረታቸው ላይ አድርገው፣ ያችን ቃል አንድ በአንድ እየለቀሙ «በ-ሞ-ቴ!» አሉ።

እትዬ ቀልጣ ቀረች። «ኧረ አይሙቱብኝ! ምነው፣ ገና ልጅ አይደሉ እንዴ?» አለች ሰባ ሊሞላቸው የተቃረበውን ሰውዬ። «ካሉማ እሺ። ግን ቀይ አይሁን፤ አዲስ ልጅ ስለሚመጣ ፈካ ያለ ቀለም ይሁንልኝ።» ተጻፈ፣ ተፈረመ። ከተፈረመ በኋላ ስጦታ መሆኑ ቀርቷል ብለው ነው መሰል ዳኛዋ ራሳቸው ቢላ አምጥተው ዳቦውን ቆረሱት። ጠበቃው ሁለት ጊዜ ወሰደ። አየሁት።

ሊያ በወሩ መጨረሻ ትወልዳለች ተብሎ ሲጠበቅ ቀደም አለችና ወንድ ልጅ ተገላገለች። የሱቁ ሰዎች ሶፋውን ሊወስዱ የመጡት ሊያ ከሆስፒታል በወጣችበት ጠዋት ነው። እኔና እትዬ መስኮት ላይ ቆመን ቁልቁል እናያለን። የሊያ ባል መኪናውን ከወዲያ ማዶ አቁሟል፤ ሊያ ልጇን ደረቷ ላይ አስተኝታ መኪናው ውስጥ ተቀምጣለች፣ አትወርድም። ሁለት ጎረምሶች ያን ቀይ ከፋይ በሰፊ ላስቲክ ጠቅልለው በደረጃው እየተጨነቁ አወረዱት። እትዬ ታለቅሳለች ብዬ መሀረብ ይዤ ነበር። ዞር ብላ እንኳ አላየችውም፤ ዓይኗ ያቺ መኪና በር ላይ ነው። «ትወርድ ይሆን?» ትለኛለች። «ቆይ ይጫን» እላታለሁ። ሰዎቹ ሲሄዱ ወለሉን አራገፈች፣ በእርጥብ ጨርቅ ወለወለች፣ ደግማ ወለወለች፣ አዲሱ ሶፋ ገና ስላልደረሰ ፍራሹን ዘረጋች፣ የተተኮሰውን አንሶላ አነጠፈች። የጭነት መኪናው ጥግ ታጥፎ ሲሰወር ከወዲያ ማዶ አንድ በር ተከፈተ።

ሊፍቱ ሲቆም እትዬ በሩ ላይ ቆማ ነበር። ምን እንደምትል ሌሊቱን ሙሉ ስታጠና እንዳደረች አውቃለሁ፤ ይቅርታም፣ ምርቃትም፣ ወቀሳም ነበረበት። አንዱም አልወጣትም። ሊያ ጫማዋን እዚያው በር ላይ አውልቃ፣ ባዶውን ሳሎን አየት፣ የተነጠፈውን ፍራሽ አየት አደረገችና ልጁን ወደ እናቷ ዘረጋችው።

«እንቺ ማሚ፣ ያዢው፤ እኔ ልተኛ።»